በቀንዱ የተመረጠው

ኛዱዎፕ ነገሩን ያየችው ሻጩ በለውጡ የወሰዳቸውን ሁለት ጊደሮቻቸውን እየነዳ በኢታንግ መንገድ ከዓይን ከጠፋ በኋላ ነው። በአዲሱ ኮርማ እግሮች መካከል የተንጠለጠለው ከረጢት እንደ ባዶ ኪስ ተሸብሽቧል። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። ቆለጥ መኖር በነበረበት ቦታ የደረቀ ባቄላ የሚያህል ነገር ብቻ አገኘች።

«የጃል አባት፣ ይሄ ኮርማ አይደለም፤ ሰንጋ ነው» አለችው ባሏን።

ጋትደት ከፊት ለፊት ቆሞ ቀንዱን ያደንቃል። ወንድ ከብት ሲመርጥ ከፊት እንጂ ከኋላ መቆም የት ያውቃል!

«ሰንጋ ቢሆን ተቆርጦ ነበር። ይኸው ምንም አልጎደለም።»

«በመቆንጠጫ ተኮላሽቶ ነዋ! ውስጡ ይሞታል፣ ቆዳው ይቀራል።»

እሷ አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ሊገዙ ሲሄዱ ጥርሱን፣ ሰኮናውን፣ ቆለጡን፣ የእናቱንም ጡት እንዲያዩ በወረቀት ጽፋ ሰጥታቸው ነበር። የባሏ ወንድም ሩዋይ ወረቀቱን ትምባሆ ጠቀለለበት። ከዚያ ሁለቱ ጎበዞች ጥቁር ገላ፣ ነጭ ፊትና ወደ ውስጥ የታጠፈ ቀንድ አዩ፤ ጋትደት እንደ አገሩ ጎረምሶች ወግ በወጣትነቱ ከዘፈነለት በሬ ጋር አንድ መልክ! በቃ፣ ምርጫው አለቀ። ሻጩ እንኳ አልዋሸም። «ያማረ ከብት ነው» አለ፤ ያምራልም። ይወልዳል ወይ ብሎ የጠየቀው የለም።

አሮጌው ኮርማቸው ክረምት ላይ ሞቷል። አራት ላሞች ባዶ ናቸው፤ ቀይዋ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ኮርማ ፈልጋ ታገሳለች። ዛሬ ካለፋት ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ኛዱዎፕ ገና ካሁኑ የመጪውን በጋ አየችው፤ ባዶ የወተት ቅል፣ የሁለት ዓመቱ ጃል የጎድን አጥንት አንድ በአንድ ሲቆጠር።

«ይሞከር!» አለ ጋትደት።

ቀይዋን አቀረቡለት። አሸተታት፣ ጥቂት አሰበ፣ ሣር ሊግጥ ሄደ።

«መንገድ አድክሞት ነው፤ ይረፍ» አለ ሩዋይ።

«እስከ ዳግም ምጽአት ይረፍ!» አለችና ወደ ጎረቤቷ ወደ ኛጋች ገሰገሰች።

የመበለቷ የኛጋች ኮርማ ጭቃ መልክ ነው፤ አንዱ ቀንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ምድር። የሰፈሩ ወንዶች ባዩት ቁጥር ይሳለቃሉ። ዘንድሮ ግን በበረቷ ዘጠኝ ጥጃ ተወልዷል።

«ለዛሬ ብቻ አውሺኝ፣ እህቴ።»

«ለምን ለዛሬ? የመጀመሪያዎቹ ሴት ልጆቹ ለስሪያ ደርሰዋል፤ አባት ልጁን እንዳይወጣት መሸኘቴ አይቀርም። ያን ቆንጆ ስጡኝና ውሰዱት። ልጄ የሚዘፍንለት ሰንጋ ካላገኘሁ ብሎ እንቅልፍ ነስቶኛል።»

ጋትደት ሲሰማ የጥቁሩን ገመድ ጨብጦ አልለቅ አለ። «ያን የጭቃ ክምር በእኔ በረት? ሰው ምን ይለኛል?»

ኛጋች ከጭቃ መልኩ ጋር ከአጥሩ ማዶ ቆማለች። «ጋትደት፣ ሚስትህንም ያገባሃት በቀንዷ ነው?»

ሩዋይ ሳቁን መያዝ አቃተው። ቀይዋ እንደገና አገሳች።

«ሰው ለጃል ወተት አያልብለትም» አለች ኛዱዎፕ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንቢ ካልክ ነገ ልጁን አቅፈህ አንተው ቆንጆህን እለበው።»

ጋትደት ልጁን አየ፤ ሰንጋውንም አየ። ከዚያ ማንንም ሳያይ ገመዱን ለኛጋች አቀበለ።

ጭቃ መልኩ ገመዱ ከአንገቱ እስኪፈታ እንኳ አልጠበቀም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀይዋን ሁለቴ ወጣት።

ኛዱዎፕ ግን ጭንቀቷ አልለቀቃትም። ቢታመምስ? ቢሰረቅስ? ኛጋች ነገ ተጸጽታ ብትመጣስ? ከአጥሩ ማዶ የኛጋች ልጅ ለጥቁሩ ዘፈን ጀምሯል፤ ጋትደት ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል።

«ቀንዱ ግን...» አለ።

«ግባ፣ ራትህ ቀዝቅዟል» አለችው። ከብቶቹን ቆጠረች፣ የበረቱን ሳንቃ ገጠመች፣ ቁልፉን ጠመዘዘች፤ ጎትታም ሞከረችው።