ባዶ የመጣው የቅዳሜ ዝርዝር

ስሟ ሄርሚና አይደለም። ታሪኩን እንድናገር ስትፈቅድልኝ ይህን ስም የመረጠችው ራሷ ናት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ፖስተኛ ነኝ። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በመንደራችን ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተቀምጬ ስልክና ኮምፒውተር ያስቸገራቸውን ሽማግሌዎች እረዳለሁ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ሰው በስሜ የሚጠራኝ በዚያ ቀን ብቻ ነው። አብዛኞቹ የሚመጡት የይለፍ ቃል ጠፍቶባቸው ነው። ሄርሚና ግን ኅዳር ውስጥ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ቪፒኤን መምረጥ እንደምትፈልግ፣ የትኛው እንደሚሻል ጠየቀችኝ። ዳቦ የምትገዛ ነው የምትመስለው።

በዓይን አውቃታለሁ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ባለው የዶሮ እርባታ ከወንድሟ ከቴውኒስ ጋር ትኖራለች። ሁለቱም አላገቡም፤ እሷ ስልሳ አንድ፣ እሱ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። እሑድ ሁለት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲጫወቱ ያየ ሰው ግን የለም። በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ኢንተርኔትም ቢሆን የሚገባላቸው ነውር የተባለውን ሁሉ በሚያጣራ ድርጅት በኩል ነው። ድርጅቱ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቤቱ ሰው ማን ምን እንደከፈተ የሚናገር ዝርዝር ለቴውኒስ ይልክለታል።

ምን ልታይ እንደፈለገች አልጠየቅኋትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ደብዳቤ ያደለ ሰው ፖስታው ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም። እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ብትከፍተው እንደሚቀላት ብቻ ነገርኳት። ዞር ብላ መጽሐፍ የምትመዘግበውን ሴት አየች፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ዲያቆን ሚስት ናት። ያን ሐሳብ ተውኩት።

ቪፒኤን ከስልኳ የሚወጣውን ሁሉ በተቆለፈ መንገድ አሳልፎ ሌላ ቦታ ላይ እንደሚያወጣው፣ ቤት ያለው ሰውም ሆነ አጣሪው ድርጅት መንገዱን እንጂ የሚያልፈውን እንደማያዩ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ፦

"ከመንገዱ ማዶ ያለውስ? እሱ አያየኝም?" አለች።

"ካሻው ያያል።"

"ታዲያ ወንድሜ እንዳያየኝ ብዬ የማላውቀው ሰው ሊያየኝ ነው?"

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገሩ ሁሉ እሱ ነው አልኳት፤ መደበቅ ሳይሆን የምታምኚውን መለወጥ ነው።

ሦስት ዓይነት ቪፒኤን አየን። የመጀመሪያው በነጻ ነው። ሰዎቹ በምን ይኖራሉ ብላ ጠየቀች፤ የደንበኞቻቸውን ውሎ ለአስተዋዋቂ እየሸጡ መሆኑን ራሳቸው በደቃቅ ጽሑፍ አስፍረውት አገኘንና ተውነው። ሁለተኛው ስመ ጥር ነው፤ ግን ስም፣ አድራሻና የባንክ ካርድ ይጠይቃል። የባንክ ደብተሩ የእሷና የቴውኒስ የጋራ ነው። ሦስተኛው ስም አይጠይቅም። አንድ ረጅም ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ከወር ክፍያው ጥሬ ገንዘብ ጋር በፖስታ መላክ ነው። የማንንም ውሎ እንደማይመዘግብ የውጭ ሰዎች ገብተው መርምረው ጽፈዋል። ሄርሚና ያንን ምርመራ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ሦስት ረቡዕ ፈጀባት። በመጨረሻ ይህ ይሁንልኝ አለች። ቁጥሩ ከጠፋባት ማንም ሊመልስላት እንደማይችል፣ እነሱ ዘንድ እሷን የሚያውቃት እንደሌለ አስጠነቀቅኋት።

"እሱን ለምጄዋለሁ" አለችኝ።

ፖስታውን ራሴ ወስጄ ከሣጥኑ ጨመርኩላት።

ከገና በኋላ እስክትመለስ ድረስ አላየኋትም። ስትመጣ የዚያን ካፖርት ቁልፍ እየፈታች እየቆለፈች ሁሉንም ነገረችኝ።

የመጀመሪያ ቀን ቴውኒስ እንቁላል ሊለቅም ሲወጣ ወጥ ቤት ተቀምጣ ከፈተችው። ወዲያው ፍለጋ አልጀመረችም። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ማንም የማያያት ጊዜ ኖሮ እንደማያውቅ ያኔ ታወቃት። ቀለል ይለኛል ብላ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ ወጥቶ ከባዶ ቤት የቀረች ያህል ተሰማት። ከዚያ ወላጆቻቸውን የሚፈልጉ ሰዎች የሚጽፉበትን ገጽ አወጣችና አንድ ቀን፣ አንድ ወር፣ አንድ ዓመተ ምሕረት ጻፈች።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ ወልዳ ነበር። አባቷ ሩቅ ከተማ፣ እንዲህ ያሉ ልጃገረዶች ወደሚቀመጡበት ቤት ላኳት፤ ሕፃኑን ሌሎች ሰዎች ወሰዱት። ስትመለስ እናቷ ድንች ላጪ አሏት፤ ላጠች። ከዚያ በኋላ በቤታቸው ስለዚያ ነገር ቃል የተነፈሰ የለም፤ አርባ አራት ዓመት።

ቪፒኤኑን ከከፈተች በአራተኛው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ቴውኒስ እንደ ልማዱ መጽሐፍ ቅዱስ አነበበ፤ ዘጋው፤ ግን አልተነሣም።

"ሚና፣ ዝርዝሩ ላይ ያንቺ ቦታ ባዶ ነው" አለ። "አራት ሳምንት ሆነው።"

ይህን አስቀድሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። የሚታይ ነገር ሲጠፋ መጥፋቱ ራሱ ይታያል። አላሰብኩትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን እጁን ከመጽሐፉ ላይ ሳያነሣ፦

"ምን እንዳደረግሽ አልጠይቅሽም" አላት። "ብቻ... ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ዝርዝር ነበር የማነበው።"

"ልትቆጣጠረኝ።"

"መጀመሪያ አዎ። በኋላ ግን ሌላ ምን አለኝ? ስለ ጉልበት ሕመም ስታነቢ የማገዶ እንጨቱን ወደ በሩ አስጠጋሁልሽ። ያንን ደሴት፣ ወፎቹ ያሉበትን፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታዪ በበጋ እወስዳታለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ የዶሮ በሽታ ገባና የመንግሥት ሰዎች ዶሮዎቹን ሁሉ ገደሏቸው፤ እንደ አዲስ ዶሮ መግዛት ሆነ።"

"ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"አንቺስ መቼ ነገርሽኝ?"

እንጨቱን ማን እንዳስጠጋው አንድም ቀን አስባ አታውቅም ነበር። ያን ጊዜ አወጣችው። "ልጄን እየፈለግሁ ነው።"

ቴውኒስ እጁን ከመጽሐፉ ላይ አነሣ። ከዚያ "የሄድሽው ማክሰኞ ነበር" አለ። "የአባባን መኪና የነዳሁት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልነገርኩሽም።" ብድግ ብሎ ወደ ዶሮዎቹ ወጣ፤ እስኪመሽ አልገባም።

በየካቲት ልጇን አገኘችው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቱን ሲፈልግ ጽፎ የተወው ማስታወቂያ ነበር፤ ቀኑም ቤቱም ገጠመ። ጻፈችለት። ስድስት ሳምንት ቆይቶ መለሰ። መልሱን እንዳነብላት ስልኳን ሰጠችኝ፤ ማንበብ አቅቷት ሳይሆን በሌላ ሰው ድምፅ መስማት ፈልጋ ነው መሰለኝ። ደህና መሆኑን፣ ሁለት ሴት ልጆች እንዳሉት ጽፏል። ያሳደጉት እናቱ በሕይወት አሉ፤ እሳቸው እያሉ መገናኘት አይፈልግም። እስክጽፍልዎት ድረስ እባክዎ አይጻፉልኝ ይላል። የጻፈው "እርስዎ" ብሎ ነው።

"ጨዋ ነው" አለች ሄርሚና። "ደህና አድርገው አሳድገውታል።" ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ለቀጣዩ ወር የሚላከውን ፖስታ አውጥታ ሰጠችኝ። አሁን ምንም የምታዪው ከሌለ ለምን ትከፍያለሽ አልኳት። ቢጽፍልኝ የሚያየው እኔ ብቻ ልሁን አለች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ቴውኒስ ራሱ መጣ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ያ ዝርዝር እንዳይመጣበት ማድረግ ይቻል እንደሆን ጠየቀኝ። ማጣሪያው አይነካብኝ አለ፤ ዝርዝሩ ብቻ ይቅር። አንድ ምልክት ማጥፋት ነው፤ አጠፋሁለት። ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና "እንግዲህ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው" አለ። አመስግኖ ወጣ።

ጠየቀ። ወዲያው አይደለም፤ ከፋሲካም አለፈ። ሄርሚና እንደነገረችኝ ሾርባ እየበሉ ነበር፤ ቀና ሳይል፦

"ሲወለድ ስንት ኪሎ ነበር?" አላት።

"አላውቅም" አለችው። "አላሳዩኝም።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። እሷም አስቀመጠች። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ እንደዚያው ተቀመጡ፤ ከዚያ እሱ ተነሥቶ ድስቱን መልሶ እሳት ላይ ጣደው። እሱ ምግብ ሲያሞቅ ስታይ ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ልጁ እስካሁን አልጻፈም። እሷ በየወሩ ፖስታውን ታመጣለች።