የኅዳር ተረኛ

ቁጥርን በእጁ እየጻፈ የሚያመጣልኝን ሰው አልወድም። ፋሲሎ ሰፈር ባለችው የጽሕፈት ሱቄ አሥራ አንድ ዓመት ስቀመጥ ከመመረቂያ ጽሑፍ እስከ ዕድር ደንብ ያልጻፍኩት የለም፤ ሰው «1» ብሎ፣ ነጥብ አድርጎ፣ ስፔሱን አሥር ጊዜ ደብድቦ መስመር ሲያስይዝ ሳይ ደሜ ይፈላል። ከመካከሉ አንድ አንቀጽ ይግባ የተባለ ዕለት ከታች ያለው ቁጥር ሁሉ አንድ በአንድ ሊታረም ነው። ኮምፒውተር የተባለው ማሽን ግን ይህን ራሱ ያውቃል። አንዴ ቁጥር ስጥ ካሉት ሲጨምሩበት ወደ ታች ይገፋል፣ ሲቀንሱበት ወደ ላይ ይሰበስባል፤ አንድም አይስት። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ፈጠራ የለም።

ተማሪዎቹን በዚህ ስቆጣ አባቴ ይስቅብኝ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እሱ ዕድሜውን ማሽን ሲቆጣ ኖሮ፣ እኔ ደግሞ ስለ ማሽን ብዬ ሰው መቆጣቴ ይገርመዋል። ከሰዓት በኋላ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣና ጥግ ካለችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው እስኪሄድልኝ ይጠብቀኝ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግን መሳቁንም፣ ሱቄ ብቅ ማለቱንም ተወው። ጠዋት ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፣ ፀሐይ ስትዞር ወንበሩን ያዞራል፤ በቃ ሥራው ይህ ሆነ።

ጳጉሜን ላይ የኔታ ኪዳነ ወልድ ወደ ሱቁ መጡ። የኔታ ድሮ ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜ ሲጫናቸው ከጀልባው ጋር ተኳርፈው ከተማ ገቡ። አሁን የእናቴ የጽዋ ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ ሰብሳቢውም፣ ዳኛውም፣ አስታራቂውም እሳቸው ማለት ነው። ማኅበሩ በየወሩ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረትን ይዘክራል። አሥራ ሁለት አባል፣ አሥራ ሁለት ወር። ተረኛው ደግሶ ያበላል ያጠጣል፤ ሲያበቃ ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ዝርዝሩ ላይ ወር አይጻፍም። አንደኛው መስከረም ነው፣ ሁለተኛው ጥቅምት፣ እንዲያ እያለ እስከ ነሐሴ ይወርዳል። ይህን የማያውቅ አባል የለም። እኔም አውቀው ነበር።

የያዙት ደብተር ከእጅ ብዛት ጠርዙ አልቆ ነበር። ዓመቱ ሳይገባ በንጹሕ ጽፌ፣ በፕላስቲክ ላሚኔት አድርጌ ለየአባሉ ቤት አንዳንድ እንዳወጣላቸው ነገሩኝ። እያነበቡልኝ ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። አገርነሽ ይላል። እናቴ ናት፤ ሰኔ ላይ ሞተችብን።

ኅዳርን የያዘችው ማንም ስላልፈለገው ነው። ኅዳር አሥራ ስድስት ጾመ ነቢያት በገባ ማግስት ይውላል፤ ሰው ሥጋና ቅቤውን ገና ተሰናብቶ ፊቱን ከስክሶ የሚመጣበት ቀን ነው። ማኅበሩ ሲመሠረት ሌሎቹ በወር ሲጨቃጨቁ እሷ «ለእኔ ስጡኝ፣ በሽሮ የማይታረቅ ሰው የለም» ብላ ወሰደችው አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት በሽሮና በተልባ አስታረቀቻቸው።

በማኅበሩ ልማድ አባል ሲሞት ባል ወይም ሚስት ቦታውን ይወርሳል፤ እነሱ ከሌሉ ልጅ ይገባል። እኔ ልግባ ብዬ ነበር፤ የኔታ ግን ባሏ በሕይወት እያለ ልጅ አይቀድምም አሉኝ። አባቴን ሦስት ጊዜ ጠይቀውታል። ሦስቱንም ጊዜ የመለሰላቸው ያንኑ አንድ ቃል ነው፤ ሰርዙት። ይህን ሲነግሩኝ ዐይኔን አላዩኝም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ወጡ።

አሥራ ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሜ ቆየሁ። አባቴ ብሏልና ስሟን ከነመስመሩ አጥቁሬ ዴሌትን ተጫንኩ።

አራተኛው ሦስተኛ ሆነ። አምስተኛው አራተኛ ሆነ። ዐይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ሁሉም አንዳንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ አሥራ አንድ ስም፣ ልክ ሲጀመርም አሥራ አንድ የነበረ ይመስላል። ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠችበት ቦታ የለም። ክፍተት እንኳ የለም። እኔ ቢያንስ ትንሽ ባዶ ነገር ይቀራል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ። ያን ያህል የተመካሁበትን ነገር በዚያች ደቂቃ ጠላሁት፤ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ አለቀስኩ። ሲወጣልኝ መልሼ ሳላነብ አተምኩት፣ ላሚኔት አደረግኩት፣ በፖስታ ከትቼ ለየኔታ ላክሁላቸው። የማኅበሩ ወር ትዝ አላለኝም። ያኔ እንኳን የሌላ ሰው ወር የራሴም ቀን አይታወቀኝም ነበር።

ወረቀቱ በመስከረም አሥራ ስድስቱ ድግስ ላይ ታደለ። መስቀል ባለፈ ማግስት ሱቄን ልከፍት ስመጣ አያ አዘዘ ከዘንዘልማ በባጃጅ ቀድመውኝ በሩ ላይ ቆመዋል። አያ አዘዘ ስድስተኛው ናቸው፤ የካቲት የእሳቸው ነው። የካቲት አሥራ ስድስት ደግሞ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ከወሮቹ ሁሉ የሚከበረው እሱ ነው፤ ከአባታቸው ወርሰውት እንደ ርስት ይሳሱለታል። ላሚኔቱን ፊቴ ላይ ዘርግተው ቁጥራቸውን በጥፍራቸው መቱት። አምስት ይላል። ጥር ማለት ነው። «አባቴ ያወረሰኝን ወር በምን ሥልጣንሽ ነጠቅሽኝ?» አሉኝ። ያኔ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ።

እሳቸውን ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ ወይዘሮ የብርጓል ገቡ። እሳቸው ሰባተኛዋ ናቸው፣ መጋቢት፣ በዐቢይ ጾም መካከል። አሁን ቁጥራቸው ስድስት ሆኖ የካቲት ደርሷቸዋል። የመጡትም ሊቆጡኝ ሳይሆን ሊመርቁኝ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የተመኙትን ወር እመቤታችን ራሷ በማሽን ሰጠቻቸው፤ ደልጊ ላሉት እኅታቸውም ደውለው ጠርተዋቸዋል። አያ አዘዘ ስሕተት ነው ሲሉ፣ ወይዘሮ የብርጓል የታተመ ነገር ስሕተት አይሆንም አሉ። ላሚኔት ነዋ፤ በእስክሪብቶ እንኳ አይታረም። ሁለቱ ለብዙ ዓመት ከአንድ ጽዋ የጠጡ ሰዎች በእኔ ምክንያት ተኮራርፈው በየባጃጃቸው ሄዱ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ደብተሩን ይዤ የኔታ ቤት ሄድኩ። አልተቆጡኝም። የእናቴን ስም የያዘውን ገጽ ገልጠው ከእሷ በፊት የሞቱትን አሳዩኝ። ስማቸው ላይ ስስ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከጎኑ የወራሹ ስም በሌላ ቀለም ተጽፏል። ቁጥሩ ግን ያው ነው።

«እኛ ዘንድ የተሰረዘ ሰው ቦታውን ይዞ ይቆያል፤ ወራሹ እስኪመጣ ድረስ» አሉኝ። «ያንቺው ማሽን ግን አይታገሥም።»

ቀጥለው የነገሩኝ ግን ከዚህ የባሰ ነው። ወሩ ያለ ባለቤት ሊከርም አይችልም፤ ጽዋውን የሚረከብ ሰው መታወቅ አለበት። ለሥራ ከሌላ አገር የመጡ፣ ኮሌጅ የሚያስተምሩ ባልና ሚስት ማኅበር እንግባ ብለው ጠይቀዋል። ጥሩ ሰዎች ናቸው። «አባትሽ እስከ እሑድ ካልመጣ እነሱን ሦስተኛ አድርጌ አስገባቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወደየወሩ ይመለሳል፣ ጠቡም ይበርዳል» አሉ። ትክክል ናቸው። ግን እናቴ ቦታ ላይ የማላውቀው ሰው ሲቀመጥ ማሰብ አልቻልኩም። ቤት ደርሼም ለአባቴ አልነገርኩትም፤ አራተኛ ጊዜ ሰርዙት ሲል መስማት ፈራሁ።

የወሮቹን መዘበራረቅ የነገሩት አያ አዘዘ ናቸው። ሄደው ደጃፉ ላይ አብረውት ተቀምጠው እኔን ወቀሱለት። ቅዳሜ ከሰዓት አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ ጥላ ወደቀብኝ፤ ቀና ብል አባቴ ነው። ጋቢውን ተከናንቧል። ጥግ ወዳለችው ወንበር አልሄደም፤ ሌላ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ሰው ሁሉ ከወሩ ተፈናቅሏል ይሉኛል፣ እንዴት እንደሆነ አሳዪኝ አለኝ።

አሳየሁት። አሥራ ሁለቱን ስም መልሼ አወጣሁ፣ ሦስተኛውን አጥቁሬ ዴሌት አደረግኩ። ወደ ማሽን ውስጥ ጆሮውን ሲሰጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ተመለከተ። ድገሚው አለኝ። መልሼ አምጥቼ ደገምኩት። አገርነሽ ጠፋች፣ ሰዎቹ ወደ ላይ ወጡ። ሦስተኛ ጊዜ ላደርገው ስል እጄን ያዘኝ።

«ሰርዙት ብለሃል እኮ አባዬ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ስክሪኑ እንዳደረገ ተናገረ።

«እኔ ሰርዙት ያልሁ ስለማልችለው ነው። ያን ሁሉ ዘመን የደገሰች እሷ፣ ወንበር የደረደርሁ እኔ። ቤቱ በሰው ሞልቶ፣ እሷ ከጓዳ ሳትወጣ፣ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?»

ሦስት ወር ሙሉ ዝምታውን እንደ ግዴለሽነት ቆጥሬበት ነበር። እሷን ቶሎ የረሳ መስሎኝ በልቤ የተቀየምኩበትም ቀን አለ። ፍርሃት መሆኑን ያን ዕለት አወቅኩ፤ ላቅፈው ፈለግሁ፣ ግን እንዲያ የለመድን ሰዎች አይደለንም። ትከሻዬን ወደ ትከሻው አስጠጋሁ። የኔታ እስከ እሑድ እንደሰጡት ነገርኩት። ስለ ባልና ሚስቱም ነገርኩት። ጥሩ ሰዎች ናቸው ማለትን አልተውኩም።

«ቦታዋን ክፈቺው» አለኝ።

ካርሰሩን ሁለተኛው ስም መጨረሻ ላይ አቁሜ ኢንተርን ጠቆምኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ብሎን የፈታ ወፍራም ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈና ተጫነ። ሦስት ቁጥር ባዶዋን ወጣች፤ ከታቿ ያለው ሰው ሁሉ ወደየወሩ ወረደ። አያ አዘዘ የካቲት ገቡ፣ ወይዘሮ የብርጓል መጋቢት ተመለሱ። አባቴ ከባዶዋ መስመር ላይ ዐይኑን አላነሣም።

ገድሉ ብዬ ስሙን ልጽፍ ስል ከለከለኝ። የእሷን ጻፊ አለኝ። ጽፌለት የሞተ ሰው ጽዋ እንደማይረከብ ቀስ ብዬ ነገርኩት። እኔም ብቻዬን አልረከብም አለ። እንደገና ኢንተር ብንጫን አራት ቁጥር ይወጣል፣ ያ ሁሉ ሰው እንደገና ይፈናቀላል። ይህን ሳስረዳው በጥሞና ሰማኝ።

«ታዲያ ሁለት ሰው ባንድ ቁጥር አይገባም?» አለኝ።

ለተማሪዎች አንቀጽ ስሠራ በቀን ሃያ ጊዜ የማደርገው ነገር ነው፤ እሱ እስኪጠይቀኝ ድረስ ግን አልመጣልኝም። ይገባል አልኩት፤ ሺፍትን ይዞ ኢንተርን መጫን ነው፣ ያን ጊዜ አዲስ መስመር ይወጣል እንጂ አዲስ ቁጥር አይወጣም። ሺፍቱን እኔ ያዝኩለት። ኢንተሩን እሱ ተጫነ። ካርሰሩ ከስሟ ሥር ወረደና ቁጥር ሳይጠይቅ ቆሞ ብልጭ ድርግም አለ። ከታች ያሉት ሰዎች ካሉበት አልተነቃነቁም።

ስሙን ራሱ ካልጻፍኩ አለ። ፊደሎቹን በአንድ ጣት እየፈለገ፣ አንዷን ተሳስቶ እያጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ደንበኛ ገብቶ ቆመ፤ ትንሽ ታገሥ አልኩት። አገርነሽ፣ ከሥሯ ገድሉ። ሁለቱም በሦስት ቁጥር ውስጥ ናቸው።

አንድ ቅጂ አተምኩለት። ላሚኔት ላድርግልህ ስለው አይሆንም፣ የኔታ ካላዩት አለ። ነገ ጠዋት አደርስላቸዋለሁ አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ በጋቢው ውስጥ ከተተና ተነሣ።

«እኔው እወስደዋለሁ» አለኝ።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። መንገዱን ተሻግሮ ወደ ቤት አልገባም፤ ወደ የኔታ ሰፈር ቀጥ ብሎ ሄደ። ከሰኔ ወዲህ ወደ ሰው ቤት ሲሄድ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።