የጋዜጣው አውጫጭኝ

«የጻፈው ደብተራ ነው አሉ» ትላለች እማዋይሽ። ውሃ ስትቀዳ ትላለች፣ እህል ስታበጥር ትላለች፤ ማን እንዳለ ስትጠየቅ «አሉ ነዋ!» ብላ ትቆጣለች።

ነገሩን ያመጣው አንድ ጋዜጣ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በስንት መከራ ስማዳ የደረሰው ይህ ጋዜጣ፣ ሕዝቡ አዋጥቶ የሠራው ተማሪ ቤት የምስለኔው የግራዝማች ጓዴ በቅሎዎች ማደሪያ ሆኗል ይላል። ውሸት የለበትም። በቅሎዎቹ ተማሪ ቤት ከገቡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ፊደል ግን ገና አልለዩም።

ግራዝማችም በሬ ሲሰረቅ የሚደረገውን አደረጉ፤ አውጫጭኝ ጠሩ። የሦስት አጥቢያ ሰው ሜዳ ላይ ተከማቸ። ሌባው፣ ማለት ጸሐፊው፣ ካልወጣ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ወሩ ኅዳር ነው፤ ገብሱ ደርሶ ማጭድ ይጠብቃል።

የጻፈችው አሰለፈች ነበረች። ወንድሟ መዝሙረ ዳዊት ሲደግም ከጓዳ እየሰማች፣ እሱ በሌለበት መጽሐፉን እየገለጠች ነው ፊደል የለየችው። ሁለት ቀን ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ስሟ እስኪጠራ በፍርሃት ጠበቀች። በሦስተኛው ቀን ፍርሃቱ ለቀቃትና ንዴት ያዛት። ቄሱ ተጠረጠሩ፣ ዲያቆኑ ተጠረጠረ፣ ዐይነ ስውሩ አዝማሪ እንኳ ተጠረጠረ፤ ወደ እሷ ዘወር ብሎ ያየ የለም።

በአውጫጭኝ የሰማውን የሚያወጣ ሰው «ወፍ ነገረችኝ» ይላል እንጂ ነጋሪውን አይጠራም። ከቀትር በኋላ አንዱ ተነስቶ «ወፍ ነገረችኝ፤ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው» አለ። ሌላም ወፍ መጣች፣ ሌላም። ገብሱ በረገፈ ቁጥር ወፎቹ በዙ። መሪጌታ ከዜማው ደብር ከቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥፋታቸው መጻፍ መቻላቸው ነው።

አሰለፈች ብድግ አለች። «እኔ ነኝ የጻፍኩት!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማችም ፈገግ ብለው «ልጄ፣ መሪጌታ ዘመድሽ ናቸው?» አሉ።

«አይደሉም። ወረቀት ይምጣልኝና እዚሁ ልጻፍልዎት!»

«ኧረ ይችን ልጅ ወደ ጥላው ውሰዷት፤ ፀሐይ መቷታል!» አለች እማዋይሽ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እስቲ ጽሑፉን አሰሙኝ።» የምስለኔው ጸሐፊ ደምሌ አነበበው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና «የኔ ነው» አሉ። «ይህን የመሰለ አማርኛ በዚህ አገር ከኔ በቀር ማን ያውቃል?»

ለሰው ገብስ አዝነው ይሁን አማርኛው አስጎምጅቷቸው፣ አሰለፈች እስከ ዛሬ አልለየችውም። ሕዝቡ ወደ ማሳው ሮጠ። እሳቸው ታስረው ወደ ንፋስ መውጫ ሲነዱ እሷ አለቀሰች፤ ግማሹ ለሰውየው፣ ግማሹ ለተነጠቀችው ጽሑፍ።

በየካቲት መሪጌታን እስር ቤት ውስጥ ተስቦ ገደላቸው። በግንቦት ግራዝማች፣ መቼም ሥራ የሚያውቅ ሰው አይጠላም፣ ከፍ ያለ ሹመት አግኝተው ከነበቅሎዎቻቸው ሄዱ።

በሰኔ አርብ ገበያ ላይ ደምሌ አሰለፈችን ወደ ጥግ ጠራት።

«አንቺ መሆንሽን አውቅ ነበር» አላት።

«ወፍ ነገረችህ?»

«ጋዜጣው። ከጽሑፉ ሥር ‹አሰለፈች ይግዛው፣ ከስማዳ› ይላል።»

«ስሜን አታውጡት ብዬ ለምኛቸው ነበር!»

«አውጥተውታል። አውጫጭኙ ሳይጠራ፣ ለግራዝማች ቤታቸው ሳነብላቸው፣ ስምሽን ጠርቼላቸዋለሁ።»

«እና ምን አሉ?»

«‹ሴት? የማተሚያ ቤት ስህተት ነው፤ እሱን ዝለለው› አሉኝ።»