ስድስት ዛፍ፣ ሃምሳ ሦስት ዛፍ

የደን ጠባቂው ኦቦ ዱጉማ በሰጡት ቃል፣ የውሃ ቁፋሮው መኪና ባለፈው ጥር ከቱሉ ዲምቱ በላይ ወዳለው የመንግሥት ደን ገብቶ ሃምሳ ሦስት ዛፍ ፈጅቷል። የቁፋሮው ፎርማን ሙሀመድዘይን በፈረመው ሪፖርት ደግሞ የተቆረጠው ዛፍ ስድስት ነው፤ ስድስቱም ባህር ዛፍ። ደኑ አንድ፣ መኪናው አንድ፣ ቀኑም አንድ።

ሁለቱን ወረቀቶች በመኪናው ኮፈን ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ የጫነችባቸው ከደን ጽሕፈት ቤት የተላከችው ባለሙያ ማህሌት ናት። ጊዜው የ1994 ዓ.ም. ግንቦት ነበር። በጥር የተቆፈረው የሙከራ ጉድጓድ ውሃው ጥቂት ሆኖ ስለተገኘ፣ ጂኦሎጂስቶቹ ሰማንያ እርምጃ ያህል ወደ ደኑ ውስጥ ገፋ ብለው ሁለተኛ ነጥብ አመልክተዋል። እዚያ ለመቆፈር ግን አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም በማህሌት እጅ ነው።

ሙሀመድዘይን ፈቃዱን የፈለገው ለሥራው ብቻ አልነበረም። ቤቱ ቂሊንጦ ነው። ውሃ ከተገኘ መስመሩ የሚዘረጋው ወደዚያው ነው። ሚስቱ ሰዓደት ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ቦኖ ትሰለፋለች፤ ልጁ ፈውዚያ ጀሪካን ስትጠብቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል። ባለፈው ዓርብ ከመስጊድ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ከበው ጠይቀውት፣ ሰኔ ሳይገባ ቁርጡን አሳውቃችኋለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆፍር በሐሰት ፈርሞ ስለማያውቅ፣ ያቺ ሃምሳ ሦስት የምትል ቁጥር ከፈቃዱም በላይ አንጀቱን አቃጥላዋለች።

የመኪናው ሾፌር ወልደሚካኤል ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ ኦቦ ዱጉማ ምናልባት የቆጠሩት ቅጠሉን ይሆናል አለ። ሽማግሌው እንዳልሰማ ሰው ካፖርታቸውን አስተካከሉ። ማህሌት በበኩሏ ማንንም ውሸታም አላለችም። ሁለቱ አብረው እንዲቆጥሩ፣ አንዱ ቆጥሮ ሌላው እሺ ያላለውን እንደማትጽፍ ነገረቻቸውና እስክሪብቶዋን አወጣች።

ሙሀመድዘይን ቀደም ብሎ ተራመደ። ስድስቱን ጉቶዎች አንድ በአንድ በጣቱ አሳየ። ከእያንዳንዱ ጉቶ ዙሪያ ክንድ የሚያህል አዲስ ቀንበጥ ወጥቷል። ኦቦ ዱጉማ ይከራከራሉ ብሎ ሲጠብቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እነዚህን እኔም አልቆጠርኳቸውም» አሉ። «ባህር ዛፍ ብትቆርጠው ይነሳል። የእኔዎቹ ወዲያ ናቸው።»

የመሯቸው መኪናው ወደዞረበት ገላጣ ቦታ ነበር። ሙሀመድዘይን ግራ ገባው። ያንን ቦታ የመረጠው እኮ ዛፍ ስለሌለበት ነው። ወልደሚካኤል በአቋራጭ ልዙር ሲለው ከልክሎ፣ አንድም ግንድ እንዳይነካ ብሎ እዚህ ድረስ ያመጣው እሱ ነው፤ በልቡም ይኮራበት ነበር። የጉድጓዱ ጭቃ ሲሞላም ወደዚሁ ገላጣ እንዲፈስ ያዘዘው እሱው ነው።

ኦቦ ዱጉማ በጉልበታቸው ተንበርክከው የደረቀውን ሣር ገለጥ አደረጉ። ከስንዝር እምብዛም የማትበልጥ፣ እንደ ዝገት የቀላች የጽድ ችግኝ ብቅ አለች። ቀጥለው ሌላ ገለጡ። የጎማው መስመር ያለፈው በጥቂቶቹ ላይ ነው፤ የሚበዙትን የጨረሳቸው እንደ ሲሚንቶ የደረቀው ጭቃ ነው። ሽማግሌው ችግኞቹን ከተከሉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በበጋ ከወንዝ በባልዲ እያመላለሱ አጠጥተዋቸዋል። ጽድ ደግሞ ልጅ አይደለም፣ በአራት ዓመት ሮጦ አይታይም።

ሙሀመድዘይን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ።

«ምልክት ቢያደርጉባቸው ኖሮ እኮ ኦቦ ዱጉማ፣ አይ ነበር።»

«ችካል ብተክል ችካሉን ለማገዶ ይወስዱታል። ሁለቴ ሞከርኩ፤ ሁለቴም ችግኙን ይዘውብኝ ሄዱ።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን በጉልበታቸው እየሄዱ ቆጠሩ። ሽማግሌው ሣሩን ሲገልጡ ፎርማኑ የደረቀውን የጭቃ ቅርፊት በድንጋይ እየሰበረ ያነሳል። ሃምሳ ሦስት ሲደርሱ ኦቦ ዱጉማ ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሱ። ሙሀመድዘይን ግን ከጎማው ፈለግ ዳር አንድ ሰፊ የጭቃ ቅርፊት ገልብጦ ቆመ።

«አንዷ አምልጣዎታለች» አለ። «ሃምሳ አራት ናቸው።»

ማህሌት የተባለውን ጻፈች። ቀጥላም ሁለተኛውን ነጥብ ለማየት ወደ ውስጥ ገቡ። እዚያ ጽዶቹ አልሞቱም፤ በባህር ዛፎቹ ጥላ ሥር ጉልበት ደርሰው አረንጓዴ ሆነዋል። መኪናው ከገባ የሚያልፈው በእነሱ ላይ ነው። ማህሌት ሰማንያውን እርምጃ ራሷ ሄዳ ተመለሰች። ውሃ መከልከል እንደማትፈልግ፣ ያየችውን እንዳላየች ሆና መፈረምም እንደማትችል ገልጻ፣ ሌላ መግቢያ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ዛሬውኑ እፈርማለሁ፤ ከሌላችሁ ግን እከለክላለሁ አለች።

ወልደሚካኤል አራት ቀን ብቻ ነው፣ ገብተን ውልቅ ነው ብሎ ተማጠነ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ኦቦ ዱጉማ፣ ወደ እሱ ሳያዩ።

መግቢያ እንዳለ ሙሀመድዘይን ያውቃል። በመጋዘኑ ጥግ ሠራተኞቹ ፌንጣ የሚሏት አሮጌ ባለ ሦስት እግር መቆፈሪያ አለች። ተፈታታ በሰው ትከሻ ትገባለች፤ መንገድም መዞሪያም አትፈልግም። የምትቆፍረው ጉድጓድ ጠባብ ነው፤ ውሃ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ግን ይበቃል። ትልቁ መኪና የሚያስፈልገው ውሃ ከተገኘ በኋላ፣ ያውም በሌላ ፈቃድ ነው፤ ካልተገኘ ደኑ በከንቱ አይጎዳም። ነገር ግን ፌንጣ የአራት ቀኑን ሥራ የምትጨርሰው በሦስት ሳምንት ነው። ሦስት ሳምንት ማለት ደግሞ ሰኔ ነው፤ ዝናብ ካሰናከላቸውም ይብሳል። ሰዓደት በዝናብ ልትሰለፍ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ጎረቤቶቹ ሲከቡትም ያልኳችሁ አይደርስም ሊላቸው ነው።

ወልደሚካኤል ፊቱን አይቶ ነገሩ ገባው።

«ሙሄ፣ ፌንጣን እያሰብክ ከሆነ፣ እኔ ወገቤን ገና ለልጆቼ እፈልገዋለሁ።»

«እኔም ልጅ አለችኝ» አለው ሙሀመድዘይን።

ከዚያ በእጁ የቀረውን ጭቃ በሱሪው ጠርጎ ወደ ማህሌት ዞረ። የተናገረው ሁሉም እንዲሰሙት፣ ኋላም ማንም አልሰማሁም እንዳይል አድርጎ ነው።

«ጻፊ ልጄ፤ መኪናው ከዚህ አያልፍም። በትንሿ መሣሪያ ነው የምንቆፍረው፣ እኛው ተሸክመን እናስገባታለን፤ ጭቃውንም በበርሜል እናወጣለን። ቂሊንጦ ሦስት ሳምንት ይጠብቃል፤ ይህን ለሰፈሬ ሰው ዛሬ ማታ እኔ ራሴ እነግራለሁ።»