የጓዴ እንጉርጉሮ

«ዝጋው! ዝጋው እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው!»

አስቻለው ከድንኳኑ እየሮጠ ወጥቶ ባጃጁን በሁለት እጁ አስቆመ። ሹፌሩ ደንግጦ ዘፈኑን አጠፋ፤ «ነፍስ ይማር» አለና ቀስ ብሎ አለፈ። አስቻለው የጎረቤት ወጉን እንዳደረሰ ሰው ተመልሶ ተቀመጠ።

ሕሊና የንፍሮውን ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። የተዘጋው እንጉርጉሮ የአባቷ የጓዴ ነበር። ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰው ትናንት የተቀበረው እሱ ነው።

«የተስፋሁን ዘፈን አይደል?» አለች ከኋላዋ አንዲት ለቀስተኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የሱ ነው። እንዴት ያለ አንጀት የሚበላ ነገር ይዘፍን ነበር!» አለች ሌላዋ።

«የአባቴ ነው» አለች ሕሊና።

ሴትዮዋ በሐዘን አየቻት። «አይ ልጄ! ልክ ነሽ፣ ካሴቱን እሱ ነበር የሚሸጠው» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ሕሊና ሳህኑን አስቀምጣ ካህናቱ ወደተቀመጡበት ሄደች። የሟቹ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ገብረ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥግ ይዘዋል። ጎንበስ አለችላቸው።

«የኔታ፣ ነገ ሣልስቱ ነው። ድንኳኑ ሳይነሣ አንድ ቃል ይናገሩልኝ።»

«ምን ብዬ ልጄ?»

«ዘፈኖቹን የደረሰው ወንድሜ ነው ብለው። ከርስዎ አፍ ከወጣ ሰው ያምናል። እኔንማ እያዘኑልኝ ነው።»

መሪጌታ ወደ ካህናቱ ዘወር ብለው አዩ። «አሁን የሚያስፈልገው ጸሎት ነው። ነጋዴ ነበር ብለን ቀበርነው፤ ክፉ ስም አይደለም።»

«ነጋዴማ አልነበረም! ሲነግድ እኮ ሁሌ እንደከሰረ ነው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

ቀነሰች። ከቀብሩ ጀምሮ ያናገራት ሁሉ ይህንኑ ነው የሚላት።

ጓዴ እዚሁ ንፋስ መውጫ ከተማ ትንሽ ሙዚቃ ቤት ነበረው። ከኋላ ያለችውን ክፍል ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍኖ እዚያ ይቀርጽ ነበር። የራሱ ድምፅ ሻካራ ነው። ተስፋሁንን አርብ ገበያ እህል ሲያወርድ ሲያንጎራጉር ሰምቶ ያመጣው እሱ ነው፤ ዜማውንም በዚያ ሻካራ ድምፁ እያለ አስጠናው። ውጭ አህያ ካናፋች ሁሉም ከመጀመሪያው ይደገማል። በዚህኛው እንጉርጉሮ አንዲት ቦታ ላይ ግን ተስፋሁን ሁልጊዜ ይቸኩላል።

«እዚህ ጋ ዝም በል አልኩህ!»

«ጋሼ፣ ቴፑ የቆመ ይመስላቸዋል እኮ!»

«ይምሰላቸው! እኔና ወንድሜ ዜማ ስንማር እንዲህ ነበር ትንፋሻችንን የምንይዘው። ሰሚው በልቡ እስኪጨርሰው ጠብቀው።»

ሽፋኑን አሳትሞ ካሴቱን እስከ ወገዳ ድረስ ያከፋፈለውም ጓዴ ነው። ሽፋኑ ላይ የተስፋሁን ፎቶ ወጣ፤ የደራሲ ስም አልነበረበትም። ሕሊና ያኔ ልጅ ነበረች።

«ያንተስ ስም?» አለችው።

«ወንድሜ ቅኔ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ‹የዘፋኝ ወንድም› እያሉ እንዲስቁበት ነው?»

ስሙን የደበቀው ለእኚህ ሰው ሲል ነው። እኚህ ሰው ደግሞ አንዲት ቃል ነፈጉት።

በማግስቱ መሪጌታ ለቀስተኛውን መረቁ። ስለ ጓዴ ቸርነት ተናገሩ፤ ስለ ትዕግሥቱ ተናገሩ። ሕሊና ጠበቀች።

«በሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል» ብለው ተቀመጡ።

ወንዶቹ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ያን ጊዜ እንጉርጉሮው ከታች በኩል ተሰማ። ሌላ ባጃጅ ነው፤ ለቅሶ መኖሩን አላወቀም፤ ሰው ሊያወርድ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እነዚህ ልጆች ደግሞ!» አለ አስቻለው ገመዱን ጥሎ። በመሪጌታ ፊት ሊያልፍ ሲል መቋሚያው ተጋደመበት።

«የኔታ?»

ግራ ገብቶት ቆመ። ካህናቱ ተያዩ።

«የተስፋሁን ናት» አለ አንዱ ለቀስተኛ።

የመሪጌታ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሕሊና ወደፊት ሰገግ አለች። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ወደራሳቸው ሳቡና ከዘፈኑ እኩል መሬቱን በቀስታ ይመቱ ጀመር።

ዘፈኑ ድንገት ጸጥ አለ።

«ጎሽ፣ ዘጋው» አለ አስቻለው።

አልዘጋውም። መቋሚያው ከመሬት ከፍ እንዳለ፣ በመሪጌታ እጅ ይጠብቅ ነበር።