የመርሳ ሰው ደም

ጁነይድ ለእህቱ ለሳሚራ አንድ ኩላሊቱን ሊሰጥ ከቆረጠ ዓመት አልፎታል። ያገደው ሰው አልነበረም፤ የገዛ ደሟ ነው። ዶክተር ወንዳወቅ ከአዲስ አበባ የመጣውን ውጤት ወልድያ ላይ ሲያነብላቸው፣ ደሟ የወንድሟን ኩላሊት ሊወጋ አድፍጦ እንደሚጠብቅ ነገራቸው።

«ምን አደረግሁት?» አለ ጁነይድ።

«አንተ ምንም። አራት ወልዳለች፤ ያ ሳያንስ የሰው ደም በላይ በላዩ ተሰጣት። ሰውነቷ ባዕድ መለየት የተማረው ከዚያ ነው።»

ጁነይድ አንገቱን ደፋ። ኩላሊት እጥበት ላይ ሳለች ደም የሚያበዛላት መርፌ በጦርነቱ ምክንያት ሲጠፋ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በከተማቸው በመርሳ መስጊድ በር ላይ ቆሞ «ደም ለእህቴ!» ያለ እሱ ነው። እስላም ክርስቲያኑ እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። ደከም ባላት ቁጥርም «አንድ ከረጢት ጨምሩላት» እያለ ነርሶቹን የሚነዘንዘው እሱው ነበር። ሰባት ከረጢት ገባላት። ሳሚራማ «የጎረቤታችን የአለሚቱ ደም ከገባብኝ ወዲህ ሐሜት ጣፈጠኝ» እያለች ትቀልድ ነበር።

አንድ ተስፋ ቀረ። አዲስ አበባ ደሟን አጥበው፣ ቁጣውን በመድኃኒት አብርደው ተከላውን ሊሞክሩላት ለነሐሴ ቀጠሯት። «እስከዚያ ጠብታ የሰው ደም እንዳይነካት» አለ ዶክተሩ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል መድፉ ወደ ወልድያ ቀረበ። ሳሚራ ከንፈሯ ነጣ፤ መቆም አቃታት። ሐኪም ቤቱ በሽተኞቹን ወደ ደሴ ሊያሸሽ መኪና አዘጋጀ።

«እንዲህ ሆና ከተሳፈረች ደሴ አትደርስም» አለ ወንዳወቅ።

«ደም ብትወስድስ?»

«ትደርሳለች። ኩላሊቱን ግን እርሳው።»

ደጅ ላይ ጎረቤቶቹ አለሚቱና ሲራጅ ቆመዋል፤ መታመሟን ሰምተው ከመርሳ መጥተዋል።

«ምን ያፈዝሃል አንተ?» አለች አለሚቱ። «አገር ቁልቁል ሲሸሽ እኛ ሽቅብ የመጣነው ልንገተር ነው? የኔን አስቀድሙላት፤ የሲራጅ ደም ጫት ጫት ይላል!»

ሲራጅ ሳቀ። ጁነይድ ደግነታቸው ምን እንዳደረገ ሳይነግራቸው ወደ እህቱ ገባ።

«መጡ?» አለችው።

«መጡ፣ እታለም።»

«ያለ ኩላሊቱ ስንት ጊዜ አለኝ?»

«የኩላሊት እጥበቱ እስካለ።»

«ጦርነቱ እጥበት ይተዋል ብለህ ነው?»

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ይስጡኝ በቃ። ዛሬን ደሴ ያሉት ልጆቼ ዘንድ ልደር። እነ አለሚቱም መንገድ ሳይዘጋባቸው ይመለሱ።»

ወጥቶ አለሚቱን እጇን ይዞ አስገባት።

«እግዜር ይማርልን» አለችው እጅጌዋን እየሰበሰበች።

«አሚን» አላት። ወንበር ስቦ ከእህቱ አልጋ አጠገብ አስቀመጣት።