ኖታዋ ሽማግሌ ላከች

ቫዮሊን ተጫዋቹ መርዕድ ሀብተወልድ የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ በመጀመሪያው ኮንሰርቱ ላይ ሳይጫወታት ያለፋት ኖታ ባለፈው ጥቅምት ሽማግሌ ላከችበት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ በሰፈራችን አስራ አንድ ባልና ሚስት፣ ሁለት የአጥር ድንበርና አንድ የውሻ ጉዳይ አስታርቄያለሁ። ኖታ ስትገጥመኝ ግን ይቺ የመጀመሪያዬ ናት።

ቤቴ የመጣችው በጠራራ ፀሐይ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሴት ናት። ስትናገር ድምጿ አይወጣም፣ አይወርድም፤ ሁሉንም ቃል በአንድ ከፍታ ነው የምትለው። ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎቼ አብረዋት ጮኹ።

«ስምሽ ማነው?» አልኳት።

«ላ።»

«ከነአባትሽ?»

«የመጣሁት ለሱ ነው። መታወቂያ ላወጣ ስሄድ የአባትሽን ስም አምጪ አሉኝ።»

የምትፈልገው ብዙ አልነበረም። መርዕድ አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት፣ ቦታዋ ላይ እንዲጫወታት ብቻ ነው። ይሄ እንኳን ለኖታ ለጠላትም አይከለከልም ብዬ ሻምበል ደጀኔንና ሐጂ ኑርሁሴንን ይዤ፣ ላንም አስከትዬ መርዕድ ቤት ሄድኩ።

ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ ደንቡ ነው። ሳሎኑ መሀል ቆመን ሳለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየሁት። ያ የመጀመሪያው ኮንሰርት ነው፤ ከመድረኩ በስተጀርባ የተነሳ። ወጣቱ መርዕድ ቫዮሊኑን አገጩ ስር ሸጉጧል፤ ትንሿ ጣቱ ክሩን ሳትነካ አየር ላይ ቀርታለች። ከፊቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ሻርፕ የለበሰችው ሚስቱ ዘርፈሽዋል ናት፤ ያኔ አይተዋወቁም። የዚያን ቀን አጨዋወቱ ማርኳት፣ እንኳን ደስ ያለህ ልትለው ሄዳ፣ በስድስት ወራቸው ተጋቡ። ከፎቶው አጠገብ መስታወት የገባ የጋዜጣ ቁራጭ አለ፤ «አንዲት ስህተት ያልተገኘበት» ይላል። መርዕድ እንጀራውን የበላው በዚች ዓረፍተ ነገር ነው። የዚያን ቀን ቅጂ በካሴት ተባዝቶ ስለነበር አገሩ ሁሉ ሙዚቃውን ያለ ላ ነው የሚያውቀው። ተማሪዎቹንም ያለ ላ ነው ያስተማራቸው።

«ይቺ ልጅ ያንተ ናት» አልኩት፣ ላን ከበሩ ጠርቼ።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች። መርዕድ ድምጿን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

ዘርፈሽዋል ከጓዳ ብቅ አለች። «ወለድክብኝ?»

«ኧረ አልወለድኩም! ዘለልኳት።»

«እሱማ ይብሳል!» አለችና ላን እጇን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት።

«ለምን ዘለልካት?» አሉ ሻምበል።

«ፈራሁ። በጣም ከፍ ያለች ናት፤ ጣቴ ይስታታል ብዬ ፈራሁና አለፍኳት። ማንም አላወቀም።»

«እኔ አውቄያለሁ» አለች ላ።

የመርዕድ የስንብት ኮንሰርት ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ የሚጫወተውም ያንኑ ሙዚቃ ነው። «ዛሬ ብጫወታት እኮ፣» አለ፣ «ዕድሜ ልኬን የተሸለምኩት በስህተት ነው ማለት ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

«አንተ ሰው ምን ይለኛል ስትል ይቺ ልጅ ደጅ ላይ አረጀች» አሉ ሐጂ።

መርዕድ ሚስቱን አያት።

«ተጫወታት» አለችው። «እኔ ያገባሁት አንተን እንጂ ጋዜጣውን አይደለም።»

እሺ አለ። እኛም ተቀመጥን። ላ እነሱው ጋ ሰነበተች፤ ዘርፈሽዋልም ሁለት ብርጭቆ ሰነጠቀችብኝ እንጂ ጨዋ ልጅ ናት ብላ መሰከረችላት።

ኮንሰርቱ እሁድ ከሰዓት ነበር። ሁለተኛው ረድፍ ላይ እኔ መሀል፣ ዘርፈሽዋል በቀኜ፣ ላ በግራዬ ተቀመጥን። ሙዚቃው እዚያች ቦታ ሲደርስ መርዕድ ትንሿን ጣቱን ክሩ ላይ አሳረፋት። እውነት እላችኋለሁ፣ እንደዚያ የጠራ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ። በግራዬ ዞር ስል ወንበሩ ላይ ግራጫው ሹራብ ብቻ ቀርቷል።

አዳራሹ «ውይ!» አለ። «ተሳሳተ!» አለ አንዱ ከኋላዬ። የድሮ ተማሪው፣ ዛሬ ራሱ አንቱ የተባለ አስተማሪ፣ ግንባሩን ያዘ። «እርጅና ነው፣ አይፈረድበትም» ተባባሉ። ሙዚቃው ሲያልቅ ቀብር እንደዋለ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነኝ። በቀኜም ዞር ብል ዘርፈሽዋል የለችም፤ እራት ልታቀርብ ቀድማ ሄዳ ይሆናል አልኩ።

መርዕድ ቅር አላለውም። ቫዮሊኑን ይዤለት ወደ ቤቱ ስንሄድ እንደ ሙሽራ ይስቃል። «በሕይወቴ ዛሬ ገና ተጫወትኩ! ቆይ ለዘርፈሽ ልንገራት» ይላል።

በሩን የከፈተው በራሱ ቁልፍ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ የለም፤ አንድ ወንበር አለ። የጋዜጣው ቁራጭ በነበረበት ቦታ ሚስማር ብቻ ቀርቷል። ፎቶው ግን እንደተሰቀለ ነው። ትንሿ ጣት ወርዳ ክሩ ላይ አርፋለች፤ አዳራሹም ባዶ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ አንዱ ወንበር ላይ፣ ነጭ ሻርፕ ተቀምጧል።

መርዕድ ገና ቀና ብሎ አላየውም። ኮቱን እያወለቀ ወደ ጓዳ ተጣራ።

«ዘርፈሽ! ዘርፈሽዬ!»

ከጓዳ ብርጭቆዎቹ መለሱለት፤ ሁሉም በአንድ ከፍታ።